መጋቢያችን ዝም ያሉበት ክረምት

መጋቢያችን ድምፃቸውን ያጡት በበጋው መጨረሻ፣ የአዳማ ነፋስ አቧራውን እያነሳ መስኮት በሚያስዘጋበት ሰሞን ነው። መጀመሪያ ጉሮሯቸው ሻከረ። ጉንፋን ነው አልን፤ ዝንጅብል በማር ያልላከላቸው ሰው አልነበረም። አንድ እሑድ ግን ስብከቱ መሃል ላይ አፋቸው እየተንቀሳቀሰ ድምፁ ጠፋ። ማይኩ የተበላሸ መስሎን ሁላችንም ዞረን ድምፅ የሚቆጣጠረውን ልጅ አየነው። እሳቸው ማይኩን ዝቅ አድርገው ጥቂት ቆሙና ከመድረኩ ወርደው ተቀመጡ።

አዲስ አበባ ሄደው ታዩ። የድምፅ አውታራቸው ላይ እብጠት ወጥቶ ኖሮ ትንሽ ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው። ከዚያ በኋላ ሐኪሙ ያዘዘላቸው መድኃኒት ዝምታ ነበር። ሹክሹክታ እንኳ ክልክል ነው ተባሉ። እስከ መቼ ብለን ባለቤታቸውን ስንጠይቅ፣ "እስኪሻለው ድረስ ነው የተባለው" ብቻ አሉን።

ቤተ ክርስቲያናችን ትንሽ ናት። ከከተማው ዳር፣ ወደ ኮረብታው ከፍ ብሎ የተሠራ የብሎኬት አዳራሽ፣ ከጎኑ የሕፃናት መማሪያ ክፍል፣ ፊት ለፊቱ ሰፊ ግቢ። ከመሠረቷ ጀምሮ ሁሉን ነገር የሚሠሩት መጋቢያችን ነበሩ። ይሰብካሉ፣ የታመመ ይጠይቃሉ፣ የተጣላ ያስታርቃሉ፤ የአዳራሹን ቁልፍ እንኳ በኪሳቸው ይዘው ነው የሚዞሩት። ሽማግሌዎች ተብለን ከምዕመናኑ የተመረጥን ሦስት ሰዎች አለን። ሥራችን ግን በየስብሰባው "ልክ ነው መጋቢ" ማለት ነበር ብል አላጋነንኩም።

ከሦስቱ አንዷ እኔ ነኝ። ሞጆ ደረቅ ወደብ፣ የዕቃ አስተላላፊ ቢሮ ውስጥ እሠራለሁ። በእኛ ሥራ አንድ ኮንቴይነር ከቆመበት የሚነሳው ፈራሚው ሲፈርም ነው። ፈራሚው ከሌለ ውስጡ መድኃኒትም ይሁን ምስማር ፀሐይ ላይ ይቆማል። ስለዚህ ነገሮች ሁሉ አንድ ባለቤት እንዲኖራቸው እፈልጋለሁ። ሁለተኛው ጋሼ የምላቸው ናቸው፤ ዕድሜያቸውን በሙሉ የጅቡቲን መንገድ በከባድ መኪና የተመላለሱ ጡረተኛ ሾፌር። ሦስተኛዋን እትዬ እላቸዋለሁ። ከመቂ የሚመጣ ሽንኩርትና ቲማቲም ገበያ ላይ ያከፋፍላሉ። በኦሮምኛ ይቆጡና በአማርኛ ያስታርቃሉ።

መጋቢያችን ከሕክምናው እንደ ተመለሱ ሦስታችንን ቤታቸው አስጠሩን። ሳሎን ተቀምጠን እናያቸዋለን፣ እሳቸውም ያዩናል። ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"መጋቢ፣ እንግዲህ እርስዎ እስኪሻልዎ ድረስ ማንን ወከሉ?"

መጋቢያችን ጣታቸውን ወደ ጋሼ ቀሰሩ። ከዚያ ወደ እትዬ፣ ከዚያ ወደ እኔ። ቀጥለው ሁለቱን እጆቻቸውን አጣምረው ደረታቸው ላይ አስጠጉና ፈገግ አሉ። እኔ አልገባኝም። ከቦርሳዬ ወረቀትና እስክሪብቶ አውጥቼ አቀረብኩላቸው። በአክብሮት ተቀብለው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። አልጻፉም።

ውጭ ወጥተን ባጃጅ ስንጠብቅ ሦስት ትርጉም ይዘን ነበር።

"አንድ ላይ ጸልዩ ነው ያሉን" አሉ ጋሼ።

"የለም! ተራ በተራ ምሩ ነው" አሉ እትዬ። "አላየህም እንዴ፣ በየተራ እኮ ነው የጠቆሙን።"

እኔ ደግሞ እጃቸውን ደረታቸው ላይ ሲያስጠጉ "ዋና ዋናውን ነገር ለእኔ አቆዩልኝ" ያሉ መስሎኝ ነበር። ይህን ስናገር ሁለቱም ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ፤ አዎ ይሁን አይደለም ግን አልለየሁም።

"መሪ እኮ አንድ ሰው ነው የሚይዘው" አሉ ጋሼ ባጃጁ ውስጥ እየገቡ። "ሁለት ሰው መሪ ከያዘ መኪናው ገደል ነው የሚገባው። እኛ ደግሞ ጭራሽ ሦስት…" ሳይጨርሱ ባጃጁ ተነሳ።

የዚያ እሑድ ነገር አሁንም ሳስበው ያሳፍረኛልም ያስቀኛልም። ጋሼ እትዬ ይሰብካሉ ብለው፣ እትዬ እኔ የምሰብክ መስሏቸው፣ እኔ ደግሞ ጋሼ ይሰብካሉ ብዬ ማንም ሳይዘጋጅ መጣን። መዘምራኑ የያዙትን መዝሙር ጨረሱ። ወደ መድረኩ የወጣ ሰው የለም። የመዘምራኑ መሪ ግራ ገብቷት የመጀመሪያውን መዝሙር እንደገና አስነሳች። እሱም አለቀ። መጋቢያችን ሦስተኛው ረድፍ ላይ እንደ ማንኛውም ምዕመን ተቀምጠው የገዛ እጃቸውን ያያሉ። እኔ ጋሼን አየሁ፣ ጋሼ ጣሪያውን አዩ። በመጨረሻ እትዬ ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሡና መድረኩ ላይ ሳይወጡ እዚያው መተላለፊያው ላይ ቆሙ።

"በዚህ ሳምንት ቤቱ ታማሚ ያለበት ማነው?" አሉ።

አንድ ሰው እጁን አወጣ። ቀጥሎ ሌላ ሰው። ማን እንደታመመ፣ ማን ከሥራ እንደወጣ፣ የማን ልጅ ከቤት እንደጠፋ አንድ በአንድ ተነገረ። ለዓመታት አጠገቤ የተቀመጠች ሴት ባሏ በኩላሊት እየተሠቃየ መሆኑን ያን ቀን ሰማሁ። ለእያንዳንዱ አጠገቡ ያለው ሰው ጸለየለት። ስንወጣ አንዳንዱ "እንዲህ ያለ እሑድ አይቼ አላውቅም" ይላል፤ አንዳንዱ ደግሞ "ዛሬ ቃል አልተሰበከም" ብሎ ቅር ተሰኝቷል። እኔ የትኛው እንደሆንኩ አላውቅም ነበር።

ከዚያ በኋላ እየተነጋገርን ሠራን፤ ማለት እየተጨቃጨቅን። ጋሼ መጽናናት የሚፈልግ ቤት ሲኖር ይሄዳሉ፣ እትዬ እሑድን ይመራሉ፣ እኔ የቀረውን። ግን አንድ ከበድ ያለ ነገር በመጣ ቁጥር ሦስታችንም ወደ መጋቢያችን ቤት እንሮጣለን። እሳቸው ያዳምጣሉ፣ ትከሻቸውን ከፍ ዝቅ ያደርጋሉ፣ ውኃ ይቀዱልናል። ስንወጣ እንደ ልማዳችን በትርጉሙ እንጣላለን።

ክረምቱ ገብቶ ዝናቡ የበረታ ጊዜ ከኮረብታው የወረደ ጎርፍ ከእኛ በታች ያለውን ሰፈር አጥለቀለቀው። ከሰዓት በኋላ ነበር። የሞጆን መንገድ በሚኒባስ እየመጣሁ ስልኬ ጮኸ፤ እትዬ ናቸው።

"ሰዉ ግቢያችን ውስጥ ነው። ልጅ ያዘለች፣ ፍራሽ የተሸከመ… አዳራሹን ልክፈት?"

"መጋቢ ምን አሉ?" አልኳቸው።

"መጋቢማ ቁልፉን እጄ ላይ አስቀምጠው ሄዱ።"

"የት ሄዱ?"

"አካፋ ሊያመጡ።"

ስደርስ አዳራሹ ተከፍቷል። ወንበሮቹ ወደ ጥግ ተቆልለዋል። ሲሚንቶው ላይ ብርድ ልብስ ተነጥፎ ሕፃናት ይሯሯጣሉ። ከእኛ ምዕመናን ይልቅ ሌላው ይበዛ ነበር፤ ጎረቤቶቻችን ኦርቶዶክሶችና ሙስሊሞች። መጋቢያችን ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ሰብስበው ከግቢው በር ላይ ጭቃ ይዝቃሉ።

ከተፈናቀሉት መካከል አንድ ነጭ ኮፍያ ያደረጉ አዛውንት ነበሩ። ወደ እኔና ወደ ጋሼ መጥተው፣ "አካም ጅርቱ" ብለው በኦሮምኛ ሰላምታ ሰጡንና በአማርኛ ቀጠሉ። "የሶላት ሰዓት ደረሰብኝ። ውጭው ሁሉ ጭቃ ነው። አንድ ጥግ ላይ ብሰግድ ትቀየማላችሁ?"

ሁለታችንም በአንድ ጊዜ ወደ መጋቢያችን ዞርን። እሳቸው አካፋቸውን ተደግፈው አዛውንቱን አዩ፣ እኛን አዩ፣ ከዚያ ጎንበስ ብለው ጭቃቸውን መዛቅ ቀጠሉ።

"ይህ ምን ማለት ነው?" አልኩ።

"እኔን ትጠይቂኛለሽ?" አሉ ጋሼ።

እትዬን ጠርተን መድረኩ ጠርዝ ላይ ተቀመጥን። ጋሼ የጸሎት ቤት የጸሎት ቤት ነው፣ ነገ ምዕመኑ ምን ይለናል አሉ። እትዬ፣ እኚህ ሰው ባለቤቴ ሲሞት ከሬሳው ጋር መቃብር ድረስ የሄዱ ጎረቤቴ ናቸው አሉ። እኔ ሁለቱም ልክ መሰሉኝ። ብዙ አልቆየንም፤ የሕፃናቱን ክፍል ለሳቸውና ለቤተሰባቸው እንልቀቅላቸው አልን። ሐሳቡን መጀመሪያ ያመጣው ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አናስታውስም። ክፍሉ ወለሉ ቀዝቃዛ ነው ሲባል የመዘምራኑን ምንጣፍ ጠቅልለው በትከሻቸው ተሸክመው ያስገቡት ግን ጋሼ ናቸው።

የባሰው ነገር ግን ሠርጉ ነበር። በሚቀጥለው ቅዳሜ አንዲት የቤተ ክርስቲያናችን ልጅ እዚያው አዳራሽ ልትሞሸር ጥሪ ተበትኗል። ሰዎቹን ወዴት እናውጣቸው? ቤታቸው ውስጥ ያለው ውኃ ገና አልጎደለም። ሠርጉንስ እንዴት እንሰርዘው? አሁንም ወደ መጋቢያችን ሄድን፣ አሁንም ውኃ ቀዱልን። እኔ በዚህ ጊዜ ተናደድኩ። አንድ ጊዜ ብቻ ራሳቸውን ቢነቀንቁ ምን ነበረበት?

ሰዎቹን አናስወጣም ብለን ወስነን ሦስታችን ወደ ሙሽሪት አባት ቤት ሄድን። ድንኳን ሊተከል ጉድጓዱ ተቆፍሯል። ነገሩን የጀመሩት ጋሼ ነበሩ፣ መሃል ላይ ቃል ሲያጥራቸው እትዬ ተቀበሏቸው፣ መጨረሻውን እኔ ተናገርኩ። አባትየው ፊታቸው ጠቆረ።

"ይህን የወሰነው ማነው?"

"ሦስታችንም ነን" አልኩ።

"ሦስት ሰው ከወሰነ እኔ ማንን ልቆጣ?" ብለው ተነሡና ስልካቸውን አውጥተው መጋቢያችን ጋ ደወሉ። "ሃሎ፣ መጋቢ! …ሃሎ! …ሃሎ!" ጠበቁ። "ኔትወርክ የለም" ብለው ዘጉት። ከዚያ ትዝ ሲላቸው ስልኩን እያዩ ቁጭ አሉ። የሚስቅ ሰው ግን አልነበረም።

ያኔ ሙሽሪት ከጓዳ ብቅ አለች። "አባዬ፣ የእጮኛዬ ቤተሰቦች ቡልቡላ አይደል ያሉት? እዚያም የእኛው ቤተ ክርስቲያን አለች። እዚያ ይሁን።"

"እኔ ልጄን ከሰው አገር?"

"ከዚህ ቤት ነው የምትሸኘኝ። ቃል ኪዳኑን ብቻ ነው እዚያ የምንገባው።"

አባትየው መልስ ሳይሰጡ ወጡ። እኛም ተፈቀደ እንበል ተከለከለ ሳናውቅ ወደ ቤታችን ሄድን። በማግስቱ ለቡልቡላው ወንጌላዊ የደወሉት ግን ራሳቸው አባትየው ነበሩ።

ቅዳሜ ጠዋት በአንድ አውቶቡስ ተጭነን ወጣን። መጋቢያችንና ባለቤታቸው ከፊት ተቀመጡ። ጋሼ ከሾፌሩ አጠገብ ሆነው "ቀስ በል፣ ጎማህ ይንሸራተታል" እያሉ አሰለቹት። ሞጆን አልፈን፣ በቆቃ፣ በመቂና በዝዋይ አድርገን ስንወርድ በቆሎው ለምልሟል፣ ግራሮቹ ታጥበው ቆመዋል። ቡልቡላ አስፋልቱ ዳር ያለች ከተማ ናት፤ አይሱዙ መኪኖች ቆመው ይጫናሉ፣ ገበሬው አህያውን ይነዳል። ቤተ ክርስቲያኗ ግድግዳዋም ጣሪያዋም ቆርቆሮ ነው።

ወንጌላዊው ፕሮግራሙን በኦሮምኛ መራ። እኔ ግማሽ ግማሹ ነው የሚገባኝ። ቃል ኪዳኑ ካለቀ በኋላ ወደ እኛ ዞሮ፣ "ቡራኬውን የሚሰጠው ማነው?" አለ። ሁልጊዜ የሚሰጡት መጋቢያችን ነበሩ። እሳቸው ተነሥተው መጡና እጃቸውን በሙሽሮቹ ራስ ላይ ጫኑ፤ ድምፅ ግን የለም። አዳራሹ ይጠብቃል። እትዬ ቀርበው በኦሮምኛ መጸለይ ጀመሩ። ጋሼ በአማርኛ ቀጠሉ። እኔ ምን እንደማደርግ ሳላውቅ የሙሽሪትን ክንድ ያዝኩ። የሙሽሪት አባት ዓይናቸውን እየጠረጉ ከሁላችንም ቀድመው "አሜን" አሉ።

ምግቡ ሲቀርብ ትንሽ አየር ልቀበል ብዬ ወደ አዳራሹ ጓሮ ዞርኩ። ሰው ሲያወራ ሰማሁ። ድምፁን አውቀዋለሁ። ትንሽ ለስለስ ብሏል እንጂ ራሱ ነው፤ ስንት ዓመት ስሰማው የኖርኩት ድምፅ። መጋቢያችን ከአንድ የአገሩ ገበሬ ጋር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው በኦሮምኛ ስለ ዝናቡ ያወራሉ።

መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነው፤ ወዲያው ደግሞ ጎርፉና ሠርጉ ትዝ አሉኝ። ቀና ብለው አዩኝ። እኔም ወደ ግብዣው ተመለስኩ።

ስንመለስ አውቶቡሱ ውስጥ ባለቤታቸው አጠገብ ተቀመጥኩና ቀስ ብዬ ጠየቅኳቸው።

"መጋቢ መናገር ከጀመሩ ቆዩ እንዴ?"

ወደ መስኮቱ ዞር አሉ። "ከእኔ ጋርማ ያወራል። ሐኪሙ በትንሽ በትንሹ ጀምር ብሎታል።"

"ታዲያ ለእኛ ለምን አልነገሩንም?"

"እሱን ራሱን ጠይቂው። እኔም ገርሞኛል።"

ሳምንቱን እንዴት እንዳሳለፍኩት እግዚአብሔር ያውቃል። ለጋሼና ለእትዬ ልንገር? ብነግራቸው ይጣላሉ፣ ባልነግራቸው የዝምታው ተባባሪ ሆንኩ ማለት ነው። አንዴ፣ ሆን ብለው ነው፣ ተባብረን መሥራት እንድንለምድ ብለው ነው እላለሁ፤ ያ ከሆነ ጥበብ ነው። አንዴ ደግሞ፣ ያ ሁሉ ሰው አዳራሽ ውስጥ ተኝቶ፣ ሠርጉ ሲናወጥ፣ አንዲት ቃል መናገር እየቻሉ ዝም ማለት ምን የሚሉት እረኝነት ነው እላለሁ። ሥራ ቦታ ሁለት ጊዜ የተሳሳተ ኮንቴይነር አስነሣሁ፤ ሐሳቤ እዚያ አልነበረም።

በመጨረሻ ብቻዬን ሄድኩ። ጎርፉ ጎድሎ ሰዎቹ ወደየቤታቸው ተመልሰው ነበር። መጋቢያችን አዳራሹን ይጠርጋሉ።

"መጋቢ፣ መናገር ይችላሉ አይደል?"

መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደገፉ። "ትንሽ ትንሽ" አሉ።

"ጎርፉ የመጣ ጊዜስ?"

"ያኔም ጀምሬ ነበር።"

"እኛን ሊያስተምሩን ብለው ነው?" አልኩ። አዎ እንዲሉኝ ፈልጌ ነበር። አዎ ቢሉኝ ይቀለኝ ነበር።

አንድ ወንበር ስበው ተቀመጡ። "እንዲያ ብዬ ብነግርሽ ያምራል" አሉ፤ ድምፃቸው ደከም ብሏል። "መጀመሪያ በእውነት አልቻልኩም። እናንተም ስትጨናነቁ አያለሁ። ከዚያ ያቺ እሑድ መጣች፣ እትዬ ሰዉን ስለ ታማሚው የጠየቀች ዕለት። ሃያ ምናምን ዓመት ስሰብክ ያልነገሩኝን ለሷ ነገሯት። ድምፄ ሲመለስ… የት ጋ እንደምገባ ጠፋኝ። ብናገር ሁላችሁም ዝም ትላላችሁ። ዝም ብል ደግሞ እናንተ ትለፋላችሁ። ነገ እናገራለሁ፣ ነገ እናገራለሁ ስል ጎርፉ መጣ፣ ሠርጉ መጣ። ግራ ገብቶኝ ነው ልጄ። ፈርቼም ይሆናል።"

እሳቸው ግራ ይገባቸዋል ብዬ አስቤ አላውቅም። እኛ ሦስታችን ቁጭ ብለን የምንተረጉመው ያ ትከሻ፣ ያ ፈገግታ፣ ያ ውኃ መቅዳት፣ ከኋላው ትርጉም ላይኖረው ይችላል ብዬ እንዴት ላስብ?

"ለሁለቱም ይንገሯቸው" አልኩ።

ነገሯቸው። እትዬ አጨበጨቡና "እልል! ድምፁ ድኗል!" ብለው አቀፏቸው፤ ሌላው ነገር የተሰማቸውም አይመስሉ። ጋሼ ግን ተነሡ። "እኔ ለአንድ አዛውንት ስግደት መልስ አጥቼ ሲጨንቀኝ አንተ ቆመህ ታየኝ ነበር" አሉ። "አንተ" ሲሏቸው የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ባርኔጣቸውን አንሥተው ወጡ። ለተከታታይ እሑዶች አልመጡም። መጋቢያችን እየሄዱ ጋሼ ደጃፍ ላይ ይቀመጡ ነበር ይባላል፤ ምን እንደተባባሉ አላውቅም። አንድ እሑድ ጋሼ ተመልሰው መጥተው ሦስተኛው ረድፍ ላይ፣ ከመጋቢያችን ጎን ተቀመጡ።

አሁን መጋቢያችን ይሰብካሉ፤ በወር አንድ እሑድ ግን ሰዉን የሚሰሙት እትዬ ናቸው። ቁልፉ ተባዝቶ አራታችንም እጅ አለ። ነገሩ ቀለለ ማለት አልችልም። በፊት አንድ ሰዓት የማይፈጅ ስብሰባ አሁን ሻይ ሁለቴ ይፈላበታል። አንዳንዴ ጋሼ እየተቆጡ፣ መጋቢያችን ልናገር አልናገር እያሉ አፋቸውን ከፍተው ሲዘጉ፣ አንድ ሰው ወስኖልን በተገላገልን እላለሁ። የሙሽሪት አባት ግን ባለፈው መንገድ ላይ አግኝተውኝ፣ "አራተኛ ሽማግሌ አትፈልጉም?" ብለውኛል፤ ይቀልዱ ይሁን አይቀልዱ ገና አልገባኝም።

ባለፈው ሳምንት የቡልቡላው ወንጌላዊ መጥቶ ምዕመናኑ የራሳቸውን ሽማግሌዎች መምረጥ እንደሚፈልጉ ነገረን። በሁለት ቋንቋ ብዙ ተወራ። መጋቢያችን የሚመስላቸውን ተናገሩ፤ እትዬ አልተስማሙም፤ መጋቢያችንም "እሱስ ልክ ነሽ" አሉ። ስንወጣ ወንጌላዊው ክንዴን ያዝ አድርጎ፣ "እህቴ፣ በመጨረሻ ምን ተባለ?" አለኝ።

"እኛ ወደ እናንተ መጥተን ከሰዉ ጋር እንነጋገራለን ተብሏል መሰለኝ" አልኩት።

"መሰለኝ?"

"ቆይ፣ አብረን እንጠይቃቸው" ብዬው ወደ ውስጥ ተመለስን።